አንባቢውም ይወረሳል

ሰው ከምን ተሠራ? ለዚህ ጥያቄ በእኛ ዘንድ ጥንታዊ መልስ አለ። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሥጋ ከአራት ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተገኘ ነው፤ ነፍስም ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ብለው ያስተምራሉ። የኬሚስቱ መልስም በቁጥሩ ብዙ አይርቅም። ከሰውነታችን ክብደት 96 ከመቶ ያህሉ ኦክስጅን፣ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ናይትሮጅን ነው፤ ቀሪውን ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ ድኝና ጥቂት ሌሎች ይካፈሉታል። ነገር ግን እነዚሁ ንጥረ ነገሮች በማገዶም፣ በኩበትም፣ በሬሳም ውስጥ አሉ። ሰው ትንፋሹ በወጣ ቅጽበት ከሚዛኑ የጎደለ ካርቦን፣ የሸሸ ናይትሮጅን የለም። ስለዚህ «ከምን?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሕይወትን አይደርስባትም። «በምን ቅደም ተከተል?» የሚለው ሲታከልበት ይቀርባታል። ያለፈው ምዕተ ዓመት ሥነ ሕይወት ትልቁ ድልም ይህን ሁለተኛ ጥያቄ መመለሱ ነበር። እኔ እንደማየው ግን ሁለቱም አይበቁም፤ ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ቅደም ተከተሉን የሚያነበው ማን ነው?

ሦስቱንም ጥያቄዎች በአንድ ተክል ላይ ማየት ይቻላል፤ በእንሰት። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሀዲያና በሌሎችም የደቡብ አካባቢዎች እናቶች የእንሰቱን ግንድ ሲፍቁ ተክሉ ይለያያል። እርጥቡ ክፍል ጉድጓድ ገብቶ ይብላላና ቆጮ ይሆናል። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ነው። ከፍቂያው የሚቀረው ጭረት ደግሞ ደርቆ ቃጫ ይሆናል፤ ገመድ ይገመድበታል። ቡላው በአብዛኛው ስታርች፣ ቃጫው በአብዛኛው ሴሉሎስ ነው። ሁለቱም ረጃጅም ሰንሰለቶች ሲሆኑ የሁለቱም ቀለበት ያው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ነው። ልዩነቱ በአያያዙ ላይ ነው። በስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞረው ስለሚያያዙ ሰንሰለቱ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ውሃና ሙቀት ሲያገኝም ያብጣል፣ ይለሰልሳል። በሴሉሎስ ውስጥ ግን አንዱ ቀና ሲል ቀጣዩ ተገልብጦ ይያያዛል፤ ሰንሰለቱም ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተሰልፈው በሃይድሮጅን ትስስር ይቆላለፋሉ። ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ግንድ፣ ከአንድ ስኳር ራትም ገመድም የሚወጣው በዚህ ነው።

እዚህ ድረስ «ከምን» እና «በምን ቅደም ተከተል» በቂ ይመስላሉ። ሆኖም ቃጫን «አይበላም» ስንል የምንናገረው ስለ ቃጫው ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሳችንም ነው። በምራቃችንና በቆሽታችን የሚመነጨው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም የስታርችን ማያያዣ ይቆርጣል፤ የሴሉሎስን ማያያዣ ግን አያውቀውም። ላምም ብትሆን በራሷ አትችለውም፤ በጨጓራዋ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይቆርጡላታል እንጂ። ለሰው ጭቃ ማቡኪያ የሆነው ገለባ ለላም መኖ የሚሆነው ገለባው ተለውጦ አይደለም። ምግብነት በገለባው ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ባሕርይ ሳይሆን በገለባውና በሚፈታው መካከል የሚፈጠር ዝምድና ነው።

ስታርችና ሴሉሎስ አንዱን ቀለበት እየደጋገሙ ስለሚሄዱ ብዙ የመናገር አቅም የላቸውም። ፕሮቲን ግን 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶችን ያፈራርቃል። 100 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ሊደረደር የሚችልባቸው መንገዶች፣ ልናየው በምንችለው ጠፈር ውስጥ ካሉት አቶሞች ሁሉ በቁጥር ይልቃሉ። አሜሪካዊው ክርስቲያን አንፊንሰን በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 124 አሚኖ አሲዶች ያሉትን ራይቦኑክሊዬዝ የተባለ ኢንዛይም በኬሚካል ፈታው። ኢንዛይሙ ቅርጹን አጣ፤ ሥራውንም አቆመ። ኬሚካሉ ሲወገድለት ግን ማንም ሳይነካው ተመልሶ ታጠፈ፤ ሥራውንም ቀጠለ። አንፊንሰን በ1972 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ይህ ሙከራ ቅርጽ በቅደም ተከተሉ ውስጥ እንዳለ አሳየ።

ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሙከራው የተደረገው በውሃ ውስጥ ነው። ሰንሰለቱ የሚታጠፈው ውሃን የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች ወደ ውስጥ ሲሸሸጉ፣ ውሃን የሚወዱት ወደ ውጭ ሲወጡ ነው። ያንኑ ሰንሰለት ዘይት ውስጥ ብንጨምረው ያው ቅደም ተከተል ያንኑ ቅርጽ አይሰጥም። የሴልን ሽፋን የሚሠሩት ቅባቶችማ ሰንሰለት እንኳ አይደሉም፤ ከውሃ ስለሚሸሹ ብቻ ጅራት ለጅራት ተያይዘው ድርብ ሽፋን ይሆናሉ። በዚህ ደረጃ አንባቢው ውሃው ራሱ ነው።

ወደ ኒውክሊክ አሲድ ስንመጣ ታሪኩ የሚጀምረው በመናቅ ነው። በ1869 ፍሬድሪክ ሚሸር የተባለ ወጣት ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም በጀርመን ቱቢንገን ከተማ፣ የቤተ መንግሥት ማእድ ቤት በነበረ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ከሆስፒታል የሚመጣለትን መግል የጠጣ ፋሻ እያጠበ ሴሎቹን ይሰበስብ ነበር። ከሴሎቹ ኒውክሊየስ ውስጥ ፎስፈረስ የበዛበት፣ ፕሮቲን ያልሆነ ነገር አገኘና ኒውክሊን አለው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ኬሚስቶች ይህ ነገር ከስኳር፣ ከፎስፌትና ከአራት ቤዞች ማለትም ከአዴኒን፣ ከታይሚን፣ ከጉዋኒንና ከሳይቶሲን የተሠራ መሆኑን ደረሱበት። ፊበስ ሌቪን አራቱ በእኩል መጠን እየተደጋገሙ የሚሄዱ መሰለው፤ ብዙዎችም ተቀበሉት። እንዲህ ያለ አሰልቺ ነገር ውርስን ይሸከማል ብሎ የሚያስብ አልነበረም፤ ክብሩ ሁሉ 20 ዓይነት ቀለበት ላለው ለፕሮቲን ተሰጠ። ኦዝዋልድ ኤቨሪ፣ ኮሊን ማክላውድና ማክሊን ማካርቲ በ1944 በኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም የተጣራ ዲኤንኤ፣ ማለትም ያው ኒውክሊን፣ ብቻውን ጉዳት የሌለውን የሳንባ ምች ባክቴሪያ ገዳይ እንደሚያደርገው፣ ይህም ለልጅ ልጅ እንደሚተላለፍ ሲያሳዩ እንኳ ብዙዎች ተጠራጠሩ። የስሕተቱ ሥር ፍልስፍናዊ ነበር፤ ብልጽግናን በዕቃው ዓይነት መብዛት ለኩት። አራት ምልክት ብቻ ያለው ነገር በቅደም ተከተል ማለቂያ የሌለው ነገር ሊናገር እንደሚችል አላሰቡም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በሰፊው የታወቀ ነው። ኤርዊን ቻርጋፍ አዴኒን ከታይሚን፣ ጉዋኒን ከሳይቶሲን ጋር እኩል እንደሆነ፣ የሁለቱ ጥንዶች ድርሻ ግን ከዝርያ ዝርያ እንደሚለያይ አሳየ። ሮዛሊንድ ፍራንክሊንና ተማሪዋ ሬይመንድ ጎስሊንግ በ1952 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ በኤክስሬይ ያነሱት ምስል የሞለኪውሉን ጥምዝምዝነት አጋለጠ። ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክም ሚያዝያ 25 ቀን 1953 ድርብ ጥምዝ ሞዴላቸውን ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አወጡ። ስኳሩና ፎስፌቱ በውጭ፣ ቤዞቹ በውስጥ፤ አዴኒን ከታይሚን በሁለት፣ ጉዋኒን ከሳይቶሲን በሦስት የሃይድሮጅን ትስስር ይያያዛሉ።

በዚህ ቅርጽ ውስጥ ከውበቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። ከጥምዙ ወዲህና ወዲያ ያሉት ጥንዶች በኬሚስትሪ ሕግ የታሰሩ ናቸው፤ አንዱን ካወቅህ ሌላውን ታውቃለህ። በሰንሰለቱ ርዝመት ላይ ግን ከአዴኒን ቀጥሎ ማን ይምጣ የሚል የኬሚስትሪ ግዴታ የለም። የስኳርና የፎስፌቱ አጽም ማንኛውንም ቤዝ በማንኛውም ተራ ይቀበላል። ግዴታ ቢኖር ኖሮ ሞለኪውሉ እንደ ጨው ቅንጣት አንዱን ነገር እየደጋገመ ይሄድ ነበር፤ የሚደጋገም ነገር ደግሞ ወሬ አይሸከምም። ኤርዊን ሽሮዲንገር በ1944 ባሳተመው «ሕይወት ምንድን ናት?» በተሰኘ ትንሽ መጽሐፉ የውርስ ተሸካሚው የማይደጋገም ክሪስታል መሆን አለበት ብሎ የገመተው ይህንኑ ነው። እንግዲህ የተፈጥሮ ሕግ ለሕይወት ያበረከተላት ትልቁ ስጦታ በአንድ በኩል ማዘዙ፣ በሌላው በኩል ዝም ማለቱ ነው። ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ታሪክ ጻፈ። በዲኤንኤ ላይ ያለው ተራ ከኬሚስትሪ የሚወጣ መደምደሚያ ሳይሆን በዘመናት ውስጥ ከሞቱትና ከተረፉት የተገኘ መዝገብ ነው።

መዝገብ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። የዲኤንኤ ዘመድ በሆነውና መልእክቱን ለአጭር ጊዜ በሚሸከመው በአርኤንኤ ስኳር ላይ ያለችው አንዲት ኦክስጅን የአርኤንኤውን ሰንሰለት ለመበጠስ ታግዛለች፤ ዲኤንኤ ከአርኤንኤ የበለጠ የሚቆየው ያቺ ኦክስጅን ስለሌለችው ነው። እንዲያም ሆኖ ዲኤንኤ ድንጋይ አይደለም። ስዊድናዊው ቶማስ ሊንዳል በሴላችን ውሃ ውስጥ ዲኤንኤ ያለማቋረጥ እንደሚበላሽ አሳየ፤ በእያንዳንዱ ሴል በየቀኑ በሺህ የሚቆጠሩ ቤዞች ከሰንሰለቱ ይረግፋሉ። ሳይቶሲንም በራሷ ጊዜ እየተለወጠች ዩራሲል ትሆናለች። በአርኤንኤ ውስጥ ዩራሲል ከመደበኛዎቹ አራት አንዷ ናትና የተበላሸችውን ከትክክለኛዋ መለየት አይቻልም። ዲኤንኤ ግን በዩራሲል ፋንታ ታይሚንን ይጠቀማል፤ ስለዚህ በዲኤንኤ ውስጥ ዩራሲል ከተገኘች ብልሽት መሆኗ ይታወቃል፤ ጠጋኝ ኢንዛይም መጥቶ ይነቅላታል። ለሚያልፍ መልእክት ርካሹ ምልክት ይበቃል፤ ለሚቆይ መዝገብ ግን ስሕተት የሚታወቅበት ውድ ምልክት ተመረጠ። የዲኤንኤ ዘላቂነት ከጥንካሬው የመጣ አይደለም፤ ከጠጋኞቹ ነው። ጠጋኞቹ ሥራ ቢያቆሙ መዝገቡ በራሱ አካል ውስጥ ይፈርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ዲኤንኤ የሴል ጌታ ነው፣ ሁሉን ያዛል፣ ሌላው ታዛዥ ነው የሚል ሥዕል በመማሪያ መጻሕፍትም በወሬም ውስጥ ሰፍኗል። የዲኤንኤን ኬሚስትሪ ስንመረምር ግን ከእርሱ የበለጠ ሥራ ፈት በሴል ውስጥ አይገኝም። አይቆርጥም፣ አይቀጥልም፣ አይንቀሳቀስም፣ ራሱን እንኳ አይገለብጥም። የጉበት ሴልና የነርቭ ሴል አንድ ዓይነት ዲኤንኤ አላቸው፤ በእያንዳንዳቸው 2 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ክር በፕሮቲኖች ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። አንዱን ጉበት፣ ሌላውን ነርቭ የሚያደርገው ከዚያ ክር ውስጥ የትኛው ተገልጦ እንደሚነበብ የሚወስኑት ፕሮቲኖች ናቸው።

ለዚህ ከአገራችን የወባ ታሪክ የተሻለ ምስክር አላውቅም። በኢትዮጵያ ወባን ከሚያመጡት ተሕዋስያን አንዱ ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ነው። ወደ ቀይ የደም ሴል በዋናነት የሚገባውም ዳፊ በተባለ ፕሮቲን በኩል ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ይህ ፕሮቲን በቀይ የደም ሴሉ ላይ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ያላቸውና የሌላቸው ጎን ለጎን ይኖራሉ። ምክንያቱ በ1995 ሲታወቅ አስገራሚ ነገር ወጣ። ፕሮቲኑ በሌላቸው ሰዎች ዘንድ ጂኑ ፕሮቲኑን ለመሥራት የሚያስፈልገው አንዳች ነገር አልጎደለበትም። ጂኑ ከሚጀምርበት ቦታ አስቀድሞ ግን አንዲት ታይሚን በሳይቶሲን ተተክታለች፤ በዚያ ቦታ የሚያርፈው የቀይ ደም ሴል አንባቢ ፕሮቲን ማረፊያ አጣ። በደም ሥር ግድግዳ ላይ ባሉ ሴሎች ውስጥ ግን ያው ጂን በሌሎች አንባቢዎች ይነበባል፤ ፕሮቲኑም ይሠራል። በአንድ ሰው ገላ ውስጥ አንድ ጽሑፍ በአንዱ ቤት ድምፅ አለው፣ በሌላው ቤት ዲዳ ነው። ዳፊ የሌላቸውን ሰዎች ቫይቫክስ አልፎ አልፎ ሲይዛቸው በማዳጋስካርም በኢትዮጵያም መታየቱ ደግሞ ተሕዋሲውም የራሱን አነባበብ ሊለውጥ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

የሚነበብበት ቋንቋስ የት ተጻፈ? ማርሻል ኒረንበርግና ሃይንሪክ ማታይ በ1961 ከዩራሲል ብቻ የተሠራ አርኤንኤ አዘጋጅተው የተፈጨ ባክቴሪያ ጭማቂ ውስጥ ጨመሩት፤ ፌኒልአላኒን በተባለ አሚኖ አሲድ ብቻ የተሠራ ሰንሰለት ወጣ። የመጀመሪያው ቃል ተፈታ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ 64ቱም ባለ ሦስት ቤዝ ቃላት ትርጉማቸው ታወቀ፤ 61ዱ አሚኖ አሲድ፣ 3ቱ ማቆሚያ። ኒረንበርግና ማታይ ቃሉን ሠርተውት ነበር፤ የሚያነበውን ግን ከባክቴሪያ ተውሰዋል። በቀጣዩ ዓመት ፍራንሷ ሻፕቪልና ባልደረቦቹ ይበልጥ ረቂቅ ነገር አደረጉ። አሚኖ አሲድ እያመጡ ፕሮቲን በሚገጣጠምበት በራይቦሶም ላይ የሚያራግፉ ትናንሽ አርኤንኤዎች አሉ። ተመራማሪዎቹ ሲስቲን የተባለውን አሚኖ አሲድ በተሸከመው አርኤንኤ ላይ ጭነቱን ብቻ በኬሚካል ወደ አላኒን ለወጡት። ራይቦሶሙ ምንም አልጠረጠረም፤ ሲስቲን በሚገባበት ቦታ አላኒን አስገባ። ራይቦሶም የሚያየው ተሸካሚውን እንጂ ሸክሙን አይደለም።

ስለዚህ የዚህ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ያለው ሸክሙን ከተሸካሚው ጋር በሚያገናኙት ኢንዛይሞች እጅ ነው፤ ቋንቋው በእነርሱ ታማኝነት ይቆማል። እነዚያ ኢንዛይሞች ደግሞ በዲኤንኤ ላይ ተጽፈዋል። ለመሠራት ግን በእነርሱው መነበብ አለባቸው። ጽሑፉ አንባቢውን ይሠራል፤ አንባቢውም ጽሑፉን ያስነብባል። በዚህ ክብ ውስጥ ጌታና ሎሌ የሚለይበት ቦታ የለም።

ክቡ እንዴት ተጀመረ? ጥቂት ፍንጭ አለ። ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን አንዳንድ አርኤንኤዎች ያለ ፕሮቲን እርዳታ እንደ ኢንዛይም እንደሚሠሩ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደረሱበት። በ2000 የራይቦሶም ቅርጽ በዝርዝር ሲታይም አሚኖ አሲዶችን የሚያያይዘው የውስጡ ልብ አርኤንኤ ሆኖ ተገኘ። ምናልባት በጥንት ጊዜ ጠባቂውና ሠሪው አንድ ነበሩ፤ በኋላ መጠበቁ ለዲኤንኤ፣ መሥራቱ ለፕሮቲን ተከፈለ። ይህ ግን ጥሩ ግምት እንጂ የተረጋገጠ ታሪክ አይደለም።

የተረጋገጠው ሌላ ነው። በ2010 የክሬግ ቬንተር ተቋም ተመራማሪዎች የአንዲት ትንሽ ባክቴሪያን ሙሉ ዘረመል፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የቤዝ ጥንዶች፣ በኬሚካል ዘዴ ሠሩ። «ሰው ሠራሽ ሕይወት» ተብሎ ተወራ። ነገር ግን ቁርጥራጮቹ የተገጣጠሙት በሕያው የእርሾ ሴል ውስጥ ነበር፤ ሥራ የጀመሩትም በሕያው የዘመድ ባክቴሪያ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። ያዘጋጁትን ዲኤንኤ በጠርሙስ ውስጥ ሺህ ዓመት ቢያስቀምጡት ባክቴሪያ አይሆንም። ጽሑፉን ሰው ጻፈው፤ አንባቢው ግን ከአንባቢ ተወለደ። እስከ ዛሬ ድረስ ከሴል በቀር ሴል የወለደ የለም።

ይህ ስለ ራሳችን ውርስ የምናስበውን ሊለውጥ ይገባል። ብዙዎቻችን እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ካልተቆጠረ አንጋባም። ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ብንቆጥር 128 አያት ቅድመ አያቶች አሉን፤ ከእያንዳንዳቸው የደረሰን ዲኤንኤ በአማካይ ከአንድ ከመቶ ያነሰ ነው። አሥር ትውልድ ስንደርስ 1,024 ይሆናሉ። ክሮሞሶም የሚተላለፈው እንደ ዱቄት ተቀላቅሎ ሳይሆን በትልልቅ ቁራጭ ስለሆነ፣ ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ አንዲት ቁራጭ እንኳ አላወረሱንም። ሐረጋቸውን ጠርተን የምንኮራባቸው ስሞች በዲኤንኤያችን ውስጥ ላይኖሩ ይችላሉ። በማናቸውም ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ልዩነትም ከሺህ ቤዝ አንድ ያህል ብቻ ነው። በጽሑፉ የሚኮራ ሰው የሚኮራው ከጎረቤቱ ጋር በጋራ በያዘው ነገር ነው።

አንባቢው ግን በሌላ መንገድ መጣ። ከአባት የዘር ፍሬ የሚመጣው በአብዛኛው ዲኤንኤው ነው፤ ራይቦሶሙ፣ መዝገበ ቃላቱን የያዙት ኢንዛይሞች፣ ሽፋኑና ኃይል ሰጪው ማይቶኮንድሪያ የሚመጡት ከእናት እንቁላል ነው። የሰው ፅንስ አራትና ስምንት ሴል እስኪሆን ድረስ የራሱን ጽሑፍ እምብዛም አይከፍትም፤ እናቱ አስቀድማ ባኖረችለት አርኤንኤና ፕሮቲን ይመራል። ያ እንቁላል የተጠነሰሰውም እናታችን ገና በአያታችን ማኅፀን ሳለች ነው። ይህ የአንባቢዎች ሰንሰለት ከሴል ወደ ሴል፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ሕይወት በምድር ላይ ከጀመረች ወዲህ አንድ ጊዜም ሳይበጠስ እኛ ዘንድ ደርሷል።

ስማችን በአባት ይጠራል፤ ሐረጋችንም አብዛኛውን ጊዜ በአባቶች ስም ይነገራል። ይህ ከጽሑፉ ብዙ መንገዶች አንዱን ቢከተል እንጂ የአንባቢውን መንገድ ፈጽሞ አያውቀውም። እንግዲህ ዘሩን ቆጥሮ ከሌላው ሊለይ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ የእናቱን እናት፣ የእርሷንም እናት፣ ከዚያም በላይ ያሉትን ሰባት እናቶች በስማቸው ይጥራ። መጥራት ካልቻለ ቆጠራውን ይተወው፤ ገና አልጀመረውምና።